ግዛዋ ጾም ገባ

ጋሼ ኃይለሚካኤል ዓርብ ማለዳ ዶማቸውን ይዘው ታቦር ተራራ ሲደርሱ፣ ጎረቤታቸው ሐዳሳ ከመጨረሻዋ የግዛዋ ቁጥቋጦ ሥር ዘር ስትለቅም አገኟት። መድኃኒት ቆፋሪ ሥሩን ሳያወጣ ከሰው ጋር ከተነጋገረ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ የአባታቸው ሥርዓት ነው። ሐዳሳ ግን ጨዋ ልጅ ናትና ሰላምታዋን ደረደረችው።

«እንዴት አደሩ ጋሼ? ወገብዎ ተሻለዎት? ባለቤትዎ እትዬ ብርሃነሽስ?»

ዝም።

«ምነው፣ አስቀየምኩዎት እንዴ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ኧረ አልተቀየምኩም ልጄ!» ብለው አፋቸውን ያዙ፤ ግን ረፈደ። «ኤዲያ! መድኃኒቴን አረከስሽው! ሌላ ግዛዋ እንደሆነ የለም፤ የአባቴ ሙያ ከእኔ ጋር ሊቀበር ነው!»

«ይቺን ከነቀሏትማ ዛሬውኑ ተቀበረ። ይልቅ ወደምሠራበት ቤተ ሙከራ እንሂድ። እኛ ሥሩን ብቻ፣ ያለ አፈር፣ በጠርሙስ እናሳድጋለን።»

«ያለ አፈር? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አሉ፤ ሊስቁባት ተከተሏት።

በቤተ ሙከራው ውስጥ ነጫጭ ሥሮች በፈሳሽ ውስጥ ተንዠርግገዋል። ጋሼ አንዱን ጠርሙስ አንስተው ተሳለቁ። «ይሄማ ጠግቦ የተኛ ነው! መድኃኒት ከየት ያመጣል?»

«እውነትዎን ነው። እሱ ስኳሩንም ማዳበሪያውንም እንዳሻው ጠጥቶ ወፈረ፤ አልካሎይድ የምንለው የመድኃኒቱ ቅመም ግን የለውም። ብዙ ጊዜ ከሽፎብናል። እስቲ ልጠይቅዎት፣ በክረምት ለምን አይቆፍሩም?»

«ዝናብ የጠገበ ሥር ልፍስፍስ ነዋ! የሚመረው ጭንጫ ላይ የተቸገረው ነው።»

«እኛም አብልተን ካሳደግነው በኋላ የማዳበሪያውን ናይትሮጅን ቀንሰን ጾም እናስገባዋለን። ትናንት ስንለካው ቅመሙ ተራራው ላይ ከሚበቅለው ሥር በለጠ!»

እውነት ለመናገር፣ ለተቆጣ ሽማግሌ ከገዛ ሙያው የተጠቀሰ ምሳሌ ከመቶ ምክር ይበልጣል። ጋሼ የሰጠቻቸውን የጾመ ሥር ሰብረው አሸተቱ። ያ የሚያውቁት ሽታ አፍንጫቸውን ሞላው።

«ራሱ ነው! የአባቴ ግዛዋ! ለካ አልሞተም!»

«አይሞትም ጋሼ። ክረምት ከበጋ ይገኛል፤ ልኩ ይታወቃል፤ ለበሽተኛ ከመሰጠቱ በፊትም ይፈተሻል። ተራራውም ይተርፋል። የለቀምኩትን ዘር አብቅለን ተራራው ላይ ስንተክል ግን፣ የቱ ጭንጫ እንደሚስማማው የሚያሳዩን እርስዎ ነዎት።»

የለቀመችው ዘር ቡቃያ በሆነ ጊዜ፣ ጋሼ ኃይለሚካኤል በዓርብ ማለዳ ዶማቸውን ይዘው ተራራውን ወጡ። አሁን የሚቆፍሩት ለመትከል ነው፤ ለመትከል ደግሞ ዝም በል ያለ አባት የለም። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ፣ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም፣ «እንዴት አደራችሁ!» እያሉ ነበር የሄዱት።