ቄጤማው እስኪመጣ የቆየ መርዶ፦ የአቶ ኃይለልዑል ወልደሰማዕት ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድራችን ዳኞችና አባላት፣ ዐቢይ ጾምንም ሆነ ረመዳንን እየጾማችሁ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ የምትሸኙ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከፊታችን ያረፉት የአቶ ኃይለልዑል ወልደሰማዕት ታሪክ በአጭሩ ይነበባል። የሰማነውን ከሚያውቁት ጋር አመሳክረናል፤ ያልተረጋገጠልንንም እንዳልተረጋገጠ እየገለጽን እናልፋለን።

አቶ ኃይለልዑል ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰማዕት ዓለሙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተኢየሱስ ደስታ በጎባ ከተማ ተወለዱ። ዓመቱን አባታቸው 1949 ዓ.ም. ነው ሲሉ እናታቸው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው ይሉ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም ስለሌሉ የሚዳኝ የለም። አባታቸው ከሸዋ ለጽሕፈት ሥራ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ልጃቸውንም ቄስ ትምህርት ቤት አስገብተው ዳዊት ያስደገሙ ሰው ነበሩ። አቶ ኃይለልዑል ከዳዊቱ ይልቅ የቤቱን ግድግዳ ሰዓት ፈትተው መግጠም ይወዱ እንደነበር፣ አንድ ጊዜም ከገጠሙት በኋላ አንድ ባለጥርስ ብረት ተርፎ በእጃቸው እንደቀረና ሰዓቱ ግን መቁጠሩን እንዳላቆመ እየሳቁ ያወሩ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጎባ ሲከታተሉ አብዮቱ ፈነዳ። እንደ ብዙ የዘመናቸው ወጣቶች በውይይት ክበብ ገቡ፣ የአንገታቸውን ማተብ በጠሱ፣ ለእናታቸውም ከእንግዲህ ለጾም ተብሎ ለብቻ ወጥ እንዳይሠራላቸው ነገሯቸው። ከዚያም ወደ አርሲ ተልከው የእርሻ መሣሪያ ጥገና ሠለጠኑና በሲናና ሜዳ በነበረ የመንግሥት እርሻ የኮምባይነር መካኒክ ሆኑ። በመኸር ወራት ከስንዴው ማሳ ሳይወጡ ይሰነብቱ ነበር፤ ብረት ሲመታ ከሩቅ ሰምተው የትኛው ክፍል እንደላላ ያውቁ ስለነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው በፊታቸው መዶሻ መጣል እንፈራለን ይሉ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሐመልማል ፈይሳ ጋር ትዳር መሥርተው ሴት ልጃቸውን እኅተማርያምን፣ ከዓመታት በኋላም ወንድ ልጃቸውን ሂካን ወለዱ፤ የወንዱን ስም ያወጡት የወይዘሮ ሐመልማል አባት ናቸው። ወይዘሮ ሐመልማል ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሴት ነበሩ። ነጠላቸውን ለብሰው ሲወጡ አቶ ኃይለልዑል ከበር ላይ ሆነው የእኔንም ድርሻ ይዘሽልኝ ነይ እያሉ ያሾፉባቸዋል፤ እሳቸውም ሳይቆጡ፦

«ድርሻህን እዚያው አስቀምጬልሃለሁ። ራስህ ሄደህ ውሰድ» ይሏቸዋል።

ይህ ምልልስ በዚያ ቤት እንደ ሰላምታ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ተኖረበት።

መንግሥት ተለውጦ እርሻው ሲበተን አቶ ኃይለልዑል ያለ ሥራ ቀሩ። ያን ጊዜ እጃቸውን የያዙት አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው አቶ ጀሊል ናቸው፤ በሮቤ የመለዋወጫ ሱቅ ከፍተው ስለነበር ከሱቁ ጎን ቦታ ሰጧቸውና አንዱ ዕቃ እየሸጡ አንዱ እየጠገኑ አብረው አረጁ። ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ የያዘውን የሰፈራችንን እድር ድንኳን ብረት ከአሮጌ ኮምባይነር ቱቦ በይደው የሠሩትም አቶ ኃይለልዑል ናቸው። የግራው መጋጠሚያ ጥቂት ጠምሞ ስለነበር ከታች በመዶሻ ካልተመታ አይገባም፣ አመታቱንም የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አቶ ጀሊል ይህን እያነሡ ከእድሩ እንዳናባርረው ሆን ብሎ ያጣመመው ነው ይሏቸው ነበር። እንዲህም ሆነ እንዲያ፣ በሰፈራችን ሰው ሞቶ ድንኳን ሲተከል አቶ ኃይለልዑል ሳይጠሩ የቀሩበት ጊዜ አልነበረም።

ወይዘሮ ሐመልማል በ2009 ዓ.ም. ከረዥም ሕመም በኋላ አረፉ። አቶ ኃይለልዑል የባለቤታቸውን ሬሳ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኝተው ከበሩ ውጭ ቆሙ፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ አልገቡም። ካህኑ ሊያጽናኗቸው ቤታቸው ቢመጡ በአክብሮት አስቀምጠው፣ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም፣ ጠቤ ከላከዎት ጋር ነው አሏቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቤታቸው ሰው የማይስቅበት ቤት ሆነ።

በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ ሂካ ወታደር ነበርና ወደ ግንባር ሄደ። ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል፣ ብዙውን ጊዜ አይሠራም። በእኛም አካባቢ ቢሆን መንገድ የሚዘጋበት፣ ሱቅ ሳይከፈት የሚዋልበት፣ ሰው ሰውን በጎሪጥ የሚያይበት ጊዜ ነበር። በዚያው ሰሞን እድሩን በሃይማኖት እንክፈለው የሚል ሐሳብ በስብሰባ ተነሥቶ ብዙዎች አንገታቸውን ደፍተው ሳለ፣ አቶ ኃይለልዑል ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ድንኳኑን በምን መጋዝ ልትከፍሉት ነው ብለው ጠየቁ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ፤ እድሩ ግን ሳይከፈል ቀረ።

በዚያው ዓመት በሕማማት ሰሞን ለቀዳም ስዑር ቄጤማ የሚያመጣው መኪና ባለቤት መንገዱን ፈርቶ ቀረ። ዲያቆናቱ ሌላ ሲያጡ የአቶ ኃይለልዑልን ፒክአፕ ለመኑ፤ እሳቸውም ሣር መጫን ሃይማኖት አይጠይቅም ብለው እሺ አሉ። አቶ ጀሊልም ብቻህን አትሄድም ብለው የረመዳን ጾማቸውን እንደጾሙ አብረዋቸው ወጡ። ከሻያ ወንዝ ዳር አጭደው ጭነው ማለዳ ግቢው ሲደርሱ ሕዝቡ ስለሞላ መኪናው መውጫ አጣ። አቶ ኃይለልዑል ከመኪናው ጎን ቆመው መንገድ እስኪከፈት ሲጠብቁ አንድ አረጋዊ ካህን ሳይጠይቋቸው ቄጤማ በራሳቸው ላይ አሰሩላቸው። ኋላ ለልጃቸው እንደነገሯት፣ ወይዘሮ ሐመልማል ስለ ድርሻው ይሰጧቸው የነበረው ምላሽ በጆሯቸው የመጣ ያን ጊዜ ነው፤ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው አለቀሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ ማለት ግን እውነቱን ማሳመር ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ ከአጥሩ ውጭ እየቆሙ ያስቀድሱ ነበር፤ አንዳንድ ቀንም ስለ ሂካ ክፉ ወሬ ሲሰሙ ተናደው ይመለሳሉ። በፍልሰታ ጾም ግን ንስሐ ገቡ፣ ማተብም አሰሩ፣ ቀስ በቀስም ሳቃቸው ተመለሰ። እንደ ሕፃን ገና አሁን መማሬ ነው እያሉ ከዲያቆናቱ ዜማ ሲለማመዱ ድምፃቸው እንደ ኮምባይነር ነው ተብሎ ተቀልዶባቸዋል፤ የተበላሸ ኮምባይነር ስላላሉኝ እግዚአብሔር ይመስገን ብለው መልሰዋል።

በ2014 ዓ.ም. በሕማማት ሳምንት ሂካ ከወራት በፊት ግንባር ላይ መውደቁ ተሰማ። ወሬው የደረሰው በጓደኛው በኩል ለአቶ ጀሊል ነው፤ ሂካ ክፉ ቢመጣ አስቀድሞ እንዲነገራቸው የሰጠው የእሳቸውን ቁጥር ነበርና። የእድሩ ሽማግሌዎች ከካህኑና ከእኅተማርያም ጋር ተማክረው፣ በሕማማት መርዶ አይነገርም፣ ሰውየውም ልባቸው የታመመ ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያልጾሙትን ጾም እየጾሙ ስለሆነ ፋሲካን ይፈስኩና ሰኞ ማለዳ ይነገራቸው ብለው ወሰኑ። ሁሉም እንደ ወጉና በፍቅር የተደረገ ነው።

ነገር ግን አንድ ስሕተት ተሠራ። ሰኞ ድንኳኑ ያለ አቶ ኃይለልዑል መተከል ስላለበት ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ሊሞክሩት ፈለጉ፤ ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ናቸው ብለው በአቶ ጀሊል ግቢ ብረቱን መግጠም ጀመሩ። የግራው መጋጠሚያ እንቢ ስላላቸው ደጋግመው መቱት። አቶ ኃይለልዑል በዚያች ሰዓት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከአጥሩ ማዶ የገዛ ብረታቸውን ድምፅ ሰሙ። በሰፈሩ ጥሩንባ አልተነፋም፤ ሞተ የተባለ ሰው የለም፤ እሳቸውም አልተጠሩም። የአቶ ጀሊልን ባለቤት ወይዘሮ ሃጂራን በር ላይ አግኝተው ድንኳኑ ለምን እንደሆነ ቢጠይቋቸው፣ ዋሽተው የማያውቁት ወይዘሮ ሃጂራ መሬት መሬቱን እያዩ ለኢድ እንግዶች ነው ኦቦ አሉ። ኢድ ገና ከሳምንት በላይ ቀርቶት ነበር። አቶ ኃይለልዑል እግዚአብሔር ያድርሳችሁ ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያን ምሽት ምን እንዳሰቡ ለማንም አልተናገሩምና እኛም አንገምትም። የታወቀው በማግሥቱ የስቅለት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ከሕዝቡ ጋር መስገዳቸው ነው። ልባቸው የታመመ መሆኑን የሚያውቁ እንዲያርፉ ቢለምኗቸውም አላረፉም። ልጃቸው እኅተማርያም ከሴቶቹ መካከል ሆና ስታያቸው፣ አባቷ ወድቀው የማይነሡ እየመሰላት፣ ነግራቸው ልትገላገል ብዙ ጊዜ ከራሷ ጋር ታግላለች። ማምሻውን ምእመናኑ በወይራ ጥብጣብ ለመቀበል ሲሰለፉ አቶ ኃይለልዑል ተራቸው ደርሶ ከንስሐ አባታቸው ፊት ጎንበስ አሉና እንዲህ አሉ፦

«አባ፣ እርስዎም እንደሚያውቁ አውቄያለሁ። አሁን አይንገሩኝ። ቄጤማውን ላምጣ፣ ከዚያ ይነገረኝ።»

ካህኑ በወይራው ሳይመቷቸው አሳለፏቸው። ይህን የሰማነው ከራሳቸው ከካህኑ ነው፣ የንስሐ ቃል ስላልሆነም እንድናነበው ፈቅደውልናል።

ጎሕ ሲቀድ አቶ ኃይለልዑል እንደ አምናው ከአቶ ጀሊል ጋር ወደ ሻያ ወረዱ። አቶ ጀሊል የደበቁትን አቶ ኃይለልዑል የማያውቁ መስሏቸው ነበር፤ አቶ ኃይለልዑል ግን መርዶውንም የአቶ ጀሊልን መደበቅም ያውቁ ነበር። አቶ ጀሊል እያጨዱ እንባቸው ቢመጣ ብርዱ ነው አሉ። አቶ ኃይለልዑልም ስልሳ ዓመት የባሌን ብርድ ለምዶ ዛሬ ነው ወይ የሚያስለቅስህ ብለው ቀለዱባቸውና የእሳቸውን ነዶ ጨምረው ተሸከሙ። ግቢው ሲደርሱ ካህናቱ የሰላሙን ዝማሬ ጀመሩ። አቶ ኃይለልዑል ቄጤማውን በራሳቸው አስረው በዚያ በተቀለደበት ድምፃቸው ከሁሉ በላይ ዘመሩ። የሚያውቁት አንገታቸውን ደፉ። አቶ ኃይለልዑል ስለዚያ ማለዳ በኋላ ሲጠየቁ፣ ያ ደስታ ሰው ለማታለል እንዳልነበረ፣ ሂካ ከእናቱ ዘንድ መሆኑን ያመኑት ገና ቄጤማውን ሲያጭዱ እንደነበረ ይናገሩ ነበር።

ሰኞ ማለዳ ሽማግሌዎቹ፣ ካህኑና አቶ ጀሊል በራቸውን ሲያንኳኩ አቶ ኃይለልዑል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ከፈቱ። አቶ ጀሊል በኦሮምኛ ወንድሜ፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ብለው ጀመሩ። አቶ ኃይለልዑል ትከሻቸውን ይዘው፦

«አውቃለሁ ጀሊል። የግራው መጋጠሚያ አልገባ ብሏችኋል፣ ሐሙስ ሰምቼዋለሁ። መዶሻዬን ላምጣ» አሏቸው።

የልጃቸውንም የልቅሶ ድንኳን በገዛ እጃቸው አቆሙ። ቆሞ ሲያልቅ ከሥሩ ገብተው ተቀመጡ፣ ያን ጊዜም እንደ ማንኛውም አባት ጮኸው አለቀሱ። እምነት አግኝቻለሁ ብለው ሐዘናቸውን አልደበቁም፤ ሐዘን መጣብኝ ብለውም ከቤተ ክርስቲያን አልቀሩም። ከዚያ ወዲህ በነበሩት የፋሲካ በዓላት ሁሉ ቄጤማ ያመጡ እሳቸው ናቸው፣ ልጃቸው የት እንደወደቀ የማያውቁ ወላጆችንም ከጎባ እስከ ሃረና እየሄዱ ያጽናኑ ነበር። አጽናኑ ስንል ብዙ ይናገሩ ነበር ማለታችን አይደለም፤ አብረው ይቀመጡና የቤቱ በር ወይም መስኮት ተበላሽቶ ካዩ ጠግነው ይመለሳሉ።

የልብ ሕመማቸው ካለፈው መስከረም ጀምሮ በርትቶ በጎባ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻው ሰሞን አቶ ጀሊልን ከአልጋቸው ጎን አስቀምጠው የግራው መጋጠሚያ እንዴት እንደሚመታ በጣታቸው በአልጋው ብረት ላይ እያንኳኩ አሳዩአቸው። አቶ ጀሊል ቀስ ብዬ እማረዋለሁ፣ ምን አስቸኮለህ ቢሏቸው፣ ጾሙ ገብቷል፣ ደክመህ ብዙ እንዳትመታው ብዬ ነው አሏቸው። ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው በየካቲት ወር 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ኃይለልዑል ልጃቸውን እኅተማርያምን፣ የልጅ ልጃቸውን ጸሎትን፣ ወንድምነታቸው ከሥጋ የማያንሰውን አቶ ጀሊልንና ወይዘሮ ሃጂራን፣ መላውንም የእድራችንን ቤተሰብ ትተው ሄደዋል። ከቀብር መልስ የምናርፍበትን ድንኳን ዛሬ ማለዳ ያቆሙት አቶ ጀሊል ናቸው፤ የግራው መጋጠሚያ በመጀመሪያው ምት ገብቷል።

በቀዳም ስዑር ከደጃፉ ያልመለሳቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከወይዘሮ ሐመልማልና ከሂካ ጋር ያኑርልን፤ ተቀምጦ የቆያቸውንም ድርሻ ራሳቸው ሄደው ይረከቡ። አሜን።