ታኮ የሚያደርግላት ሰው

ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ፤ አንዲት አሮጌ ጂፕ የኋላ ጎማዎቿ የእንጨት ታኮ ተደርጎባቸው ከጋራዡ በር ዳገት ላይ ቆማለች፤ መካኒኩ ይመር ከሥሯ ተንጋሎ አዲስ የእጅ ፍሬን ይገጥማል፣ የጂፗ ሾፌር የሆነችው ሚስቱ ከድጃ አጠገቡ ቁጢጥ ብላለች።

ከድጃ፦ ስሙን አትጥራው እንጂ፣ ከጠዋት ጀምረህ የምታወራው ስለ እሱ ነው።

ይመር፦ እኔ የማወራው ስለ ፍሬን ነው።

ከድጃ፦ ስለ ፍሬን የሚያወራ ሰው እንዲህ ጥርሱን አያፋጭም።

ይመር፦ ቁጥር አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብዪኝ።

ከድጃ፦ እንካ። ዶክተር መኳንንት የከብት ሐኪም ነው። እሱ ክትባት ይወጋል፣ እኔ እነዳለሁ፣ ጂፓችን ሥራ አገኘች። ከዚህ ውስጥ ምን ጎደለህ?

ይመር፦ ምንም አልጎደለኝም። ተረፈኝ እንጂ። የከብት ሐኪም ድንጋይ ተሸክሞ የሚሮጠው በየትኛው ትምህርት ቤት ተምሮ ነው?

ከድጃ፦ ይሄን ደግሞ ማን ነገረህ?

ይመር፦ የአይሱዙው ሾፌር፣ እንድሪስ። ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት። «ሚስትህ ዳገት ላይ በቆመች ቁጥር ያ ዶክተር ጋወኑን ሰብስቦ ዘሎ ይወርድና ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል፤ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ» አለኝ።

ከድጃ፦ አንተስ ምን አልክ?

ይመር፦ ሻዬን ጠጣሁ።

ከድጃ፦ መረረህ?

ይመር፦ ሻዩማ ስኳር ነበረው።

ከድጃ፦ ይመርዋ፣ ረዳት የለኝም። ታኮ የሚያደርግልኝ ሰው ከሌለ ያው ተሳፋሪው ይወርዳላ። አሮጊት ብትሆንም ትወርድ ነበር።

ይመር፦ አሮጊት ብትሆን እንድሪስ አይነግረኝም ነበር።

ከድጃ፦ እሱስ እውነትህን ነው።

ይመር፦ ደግሞ ትስቂያለሽ። ከእኔ ጋር ስትነጂ አንድ ቀን እንዲህ ስቀሽ ታውቂያለሽ? መንዳት ያስተማርኩሽ እኔ፣ ሳቁ ለመጣ ለሄደው።

ከድጃ፦ ስታስተምረኝማ መቼ ታስቃለህ። «ፍሪሲዮን፣ ፍሪሲዮን» እያልክ ጆሮዬን ነበር የምታደነቁረው። በል ወደ ሥራህ። ይሄ አዲሱ ፍሬን ከድሮው በምን ይሻላል?

ይመር፦ የድሮው የሚይዘው ጎማውን ነበር። ጎማ ውስጥ ደግሞ ጭቃ ይገባል፣ ውኃ ይገባል፣ የፍሬኑ ሸራ ይሟልጣል። ይሄኛው ከካምቢዮው ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ይቺን ታምቡር አየሻት? ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን ዘንግ ራሱን አንቃ ትይዘዋለች። ከፍ ስላለች ጭቃ አያገኛትም። ወንዝ ተሻግረሽ ዳገት ላይ ብታቆሚያት ንቅንቅ አትልም።

ከድጃ፦ አየህ፣ ስለ ፍሬን ስታወራ እንዴት እንደምታምር።

ይመር፦ አታዘናጊኝ። ሁለት ነገር ያዢ። እየሄድሽ እንዳትስቢው፣ ዘንጉን ይሰብረዋል፤ ስትቆሚ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ካነሳሽ ይሄ ፍሬን መኖሩን እርሺው። የተነሳው ጎማ አየር ላይ ይሽከረከራል፣ መኪናዋም ጥላሽ ትሄዳለች። ጎማ ስትቀይሪ ታኮ የግድ ነው።

ከድጃ፦ ታኮውን ማን ያድርግልኝ?

ይመር፦ ራስሽ።

ከድጃ፦ እንግዲያው ዶክተሩ ጎማ ሲቀይር ታኮውን እኔ አደርግለታለሁ።

ይመር፦ ጎማም ይቀይርልሻል?

ከድጃ፦ አይቀይርም። ፊትህን ልየው ብዬ ነው።

ይመር፦ አየሽው?

ከድጃ፦ አየሁት። የተቃጠለ ዘይት ይመስላል። እስቲ ልጠይቅህ፤ ይሄን ፍሬን ግጠምልኝ ብዬ የነዘነዝኩህ ለምን ይመስልሃል?

ይመር፦ ዳገት ላይ ቆመሽ ረጅም ጨዋታ ለመጫወት።

ከድጃ፦ የሰው ድንጋይ እንዳልጠብቅ ነው፣ አንተ ሰውዬ። አንተን ከሻይ ቤት ወሬ፣ እኔን ከይሉኝታ ላወጣ።

ይመር፦ እንግዲህ ደስ ይበልሽ። ጨረስኩ። እጄን ልታጠብ፣ ውኃውን አፍስሺልኝ።

ከድጃ፦ ጨረስክ?

ይመር፦ ጨረስኩ አልኩ እኮ።

ከድጃ፦ ጎንበስ በል እንግዲህ። ሳሙናውን ያዝ። ይመር፣ ድንጋዩ እንዴት እንደተጀመረ ነግሬህ አላውቅም።

ይመር፦ አልሰማም።

ከድጃ፦ ትሰማለህ። ከወገልጤና በላይ ነው፣ የመጀመሪያው ጉዟችን። አገሬው ከብቱን ሰብስቦ ገደል አፋፍ ላይ ይጠብቀናል። አቆምኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ላወርድ ወደ ኋላ ዞርኩ። ሣጥኑን እንደያዝኩ ጂፗ ወደ ኋላ ሄደች። ወደ እኔ።

ይመር፦ ወደ አንቺ?

ከድጃ፦ ጣዪው ይለኛል ሰው፣ እኔ መድኃኒቱ ይፈሳል ብዬ ሣጥኑን አቅፌያለሁ። በጀርባዬ እየሄድኩ፣ እሷም እየተከተለችኝ። ከኋላዬ መሬት አልነበረም። ያ ሰው ያገኘውን ድንጋይ አንስቶ ከጎማው ሥር ባይጥለው፣ አንተ ዛሬ የምትቀናባት ሚስት የለችህም።

ይመር፦ ከገደሉ ምን ያህል ቀርቶሽ ነበር?

ከድጃ፦ እሱን አልለካሁትም። ተቀምጬ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ከሞት የተረፈ ሰው ሳቁን መያዝ አይችልም። እንድሪስ የሰማው ሳቅ ያ ነው፤ ከዚያ በኋላም ባቆምኩ ቁጥር እሱ ድንጋይ እያነሳ ያንን ቀን እያስታወስን እንስቃለን።

ይመር፦ ለምን አልነገርሽኝም?

ከድጃ፦ አትሂጂ ትለኛለህ ብዬ።

ይመር፦ ቁልፉን መልሺልኝ።

ከድጃ፦ የቱን ቁልፍ?

ይመር፦ አሥራ ሦስቱን። አንድ የምነካት ነገር አለች።

ከድጃ፦ ጨረስኩ ብለህ እጅህን ታጠብክ እኮ።

ይመር፦ ስጪኝ ከድጅዬ።

ከድጃ፦ ቆይ። መጀመሪያ የአባትህን ወግ እናድርስ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፍሬን የገጠመ ሰው ታኮውን አንስቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከመኪናው ኋላ ይቆማል ይሉ ነበር። ሥራውን ያመነ ይቆማል፣ ያላመነ ይጠብቃል።

ይመር፦ ነገ ጠዋት እንፈትናታለን።

ከድጃ፦ ነገ ጠዋትማ ክትባቱን ይዤ ወደ ላይ እወጣለሁ። ደከመህ መሰለኝ። አንተ ጋቢና ግባና ፍሬኑን ሳብ፣ ከኋላ እኔ እቆማለሁ።

ይመር፦ አንቺ አትቆሚም።

ከድጃ፦ ቆሜያለሁ። ይኸው ታኮውንም ይዤዋለሁ። ላነሳው ነው።

ይመር፦ አትንኪው። እጅሽን አንሺ። ከድጃ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ከዚያ ዞር በይ። የፍሬኑ ካቦ አልጠበቀም።

ከድጃ፦ አልጠበቀም ወይስ አላጠበቅከውም?

ይመር፦ አላጠበቅሁትም።

ከድጃ፦ አውቄያለሁ።

ይመር፦ ከምን አወቅሽ?

ከድጃ፦ ቀይ ቀለሜን አልጠየቅከኝም። ከተጋባን ጀምሮ ብሎን ባጠበቅክ ቁጥር የጥፍር ቀለሜን ከቦርሳዬ እየወሰድክ ከብሎኑ እስከ ብረቱ አንድ መስመር ታሰምራለህ፤ ሌላ ሰው ከፈታው መስመሩ ይሰበራል፣ ያኔ ይታወቃል ትላለህ። ለጥፍሬ ሳይተርፈኝ የጂፗ ሆድ ነው ያማረበት። ዛሬ ግን ዝም አልክ። ያላጠበቅከውን አትቀባም። በዚህ እንኳ ጨዋ ነህ።

ይመር፦ ጨዋ አትበዪኝ።

ከድጃ፦ እሺ ተውኩት። አሁን ይቺን እያት። ጠዋት ከድሮው ፍሬን ፈትተህ ሣጥን ውስጥ ከጣልካቸው ውስጥ ነች፣ የካቦው ማጥበቂያ። ያንተ ቀይ መስመር አለባት። ብሎኑ ላይ ያለው መስመር ወዲህ፣ ብረቷ ላይ ያለው ወዲያ ዞሯል። ጭቃ ነው፣ ሸራው ተሟልጦ ነው ስትለኝ ከረምክ። ጭቃ ቁልፍ ይዞ ብሎን ይፈታል?

ይመር፦ አይፈታም።

ከድጃ፦ ማን ፈታው?

ይመር፦ ታውቂያለሽ።

ከድጃ፦ ካንተ አፍ ልስማው።

ይመር፦ እኔ ፈታሁት። ለመጀመሪያው ጉዟችሁ ዋዜማ ዶክተሩ ስልክ ደውሎልሽ ሳቅሽ። ምን እንዳለሽ እንኳ አልሰማሁም፤ ሳቅሽን ብቻ ሰማሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ከበራችን ስትወጪ ፍሬኑ እምቢ ይልሻል፣ ትመለሻለሽ፣ ሌላ መኪና ይዘው ይሄዳሉ ብዬ ነው። በአላህ፣ ገደሉን አላሰብኩትም።

ከድጃ፦ በራችን ሜዳ ነው፣ ይመር። ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ማን ይስባል?

ይመር፦ ቀናተኛ ይሄን መች ያስባል።

ከድጃ፦ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ሲሉ ፈረስ ይመስለኝ ነበር። ዛሬስ? ይሄንንስ ለምን ላላ አድርገህ ተውከው?

ይመር፦ ይሄ ዳገት ላይ ሲሞከር አልያዘም ብዬ ነገ እንዳትሄጂ ላደርግ። ስትሞከር ከኋላዋ እኔው እቆም ነበር።

ከድጃ፦ ታዲያ አሁን እንሞክራት ስልህ ለምን ነገ ጠዋት አልከኝ?

ይመር፦ ምን እንዳልኩ እኔም አላውቀው። የገደሉን ወሬ ከሰማሁ በኋላ የማጠብቅበት ቁልፍ ነው የፈለግሁት፣ ሌላ አይደለም።

ከድጃ፦ እሱን አይቻለሁ። ባላየው ኖሮ አሁን የምንነጋገረው ከሽማግሌ ፊት ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለዚያ ሰው ድንጋይ ያስያዝከው አንተ ነህ። ብሎኑ እንደጠበቀ ቢሆን ዶክተሩ ከመቀመጫው አይወርድም፣ እንድሪስም የሚያወራው ያጣ ነበር።

ይመር፦ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ከድጃ፦ ገና አልወረሰህም። እንካ ቁልፉን። ከሥሯ ግባ።

ይመር፦ ታኮዎቹ አሉ?

ከድጃ፦ አሉ። እኔ የሰው ታኮ አልፈታም።

ይመር፦ ይሄ ይገባኛል። ቆይ እስቲ… አንድ ዙር… ያዘ። አሁን አንዲት ጥርስ… በቃ። እጀታውን ሳቢው።

ከድጃ፦ ሳብኩት። ከበደ።

ይመር፦ መክበድ አለበት። ወጣሁ። አንቺ ጋቢና ውስጥ ሁኚ። ታኮዎቹን እኔ ላንሳቸው።

ከድጃ፦ ከኋላዋ ቆምክ?

ይመር፦ ቆምኩ። አነሳሁ። ትንሽ ወዝወዝ ብላ… ያዘች። ይኸው ደረቴን አስደግፌያታለሁ፣ ንቅንቅ አላለችም።

ከድጃ፦ ትንሽ ቆይ እዚያው።

ይመር፦ እስከ መቼ?

ከድጃ፦ እኔ ሣጥኑን ታቅፌ የቆምኩትን ያህል።

ይመር፦ ከድጅዬ፣ ነገ ትሄጃለሽ?

ከድጃ፦ እሄዳለሁ።

ይመር፦ ከእሱ ጋር?

ከድጃ፦ ከከብት ሐኪሙ ጋር፣ ከብት ላስከትብ።

ይመር፦ እሺ። እንግዲያው ቀለሙን ስጪኝ፤ መስመሩን ላስምርና ልብሽ ይረፍ።

ከድጃ፦ ቀለሙ ከዛሬ ጀምሮ እኔው ጋ ይቀመጣል፤ አንተ ታጠብቃለህ፣ እኔ ከሥሯ ገብቼ አይቼ እቀባለሁ።