የወይዘሮ ሊዮንቲን የስቅለት ሳህን

ወይዘሮ ሊዮንቲን ላኩር በጉምሩክ ጸሐፊነት ከመጡት ፈረንሳዊ አባታቸውና ከወይዘሮ ፔንዳ ጌይ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. እዚሁ በሴኔጋሏ ሳን ሉዊ፣ በዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር በጌት ንዳር ተወለዱ። አባታቸው ልጃቸው ዳዴ ሳትል ወደ አገራቸው ሄደው በዚያው ቀሩ። እናታቸውም ብዙ ሳይቆዩ በወባ ሲያርፉ፣ የቅኝ ገዥው አስተዳደር እንደ ሌሎቹ ክልስ ሕፃናት ወስዶ ለመነኮሳት ሰጣቸው። ሙስሊሙ አጎታቸው አቶ ማሳምባ ጌይ የእህታቸውን ልጅ ለማስመለስ ደጅ ቢጠኑም አልሆነላቸውም፤ ልጅቱ ክርስትና መነሣቷን በሰሙ ጊዜም ስሟ በቤቱ እንዳይጠራ ከለከሉ።

ወይዘሮ ሊዮንቲን በመነኮሳቱ ዘንድ ንባብ፣ ጥልፍና የፈረንሳይ ምግብ አሠራር ተምረው፣ በመምህርነት ተመርቀው፣ ከመካኒኩ ከአቶ ኦገስት ሜንዲ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሲጋቡ፣ በእናታቸው ወገን መቀመጫ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ወገን እንደሌላቸው የተሰማቸው ያን ቀን ነው።

በተጋቡ በመጀመሪያው ስቅለት፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊም ጎረቤቱ ንጋላክ የተባለውን የስቅለት ምግብ በሚሰድበት ወግ፣ ወይዘሮ ሊዮንቲን ሳህን ሙሉ አዘጋጅተው ወደ አጎታቸው ቤት ላኩ። ሆኖም አሠራሩን ያሳያቸው ሰው አልነበረምና፣ ማሽላውን ከለውዙና ከባኦባብ ዛፍ ፍሬ ጋር እንደ ሾርባ አፍልተው ትኩሱን ሰደዱት። ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰ። በዓመቱም እንዲሁ ሆነ፤ ጌት ንዳርም «የፈረንጅ አጥሚት» እያለ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን አልተዉም። በቀጣዩ ስቅለት የአጎታቸው ባለቤት ወይዘሮ ያንዴ ሳህኑን ራሳቸው ይዘው መጥተው፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ እጅጌያቸውን ሰብስበው ማዕድ ቤት ገቡና፦

«ነይ ወዲህ። ንጋላክ ቀዝቅዞ ነው የሚበላው። የፔንዳ ልጅ አፍልታ ስትሰድ አገር የሚስቀው በእኛ ነው» አሏቸው።

ወይዘሮ ሊዮንቲን ይህን ተግሣጽ እስከ እርጅናቸው ድረስ እንደ ምርቃት ይደግሙት ነበር። በዚያው ዓመት ለአረፋ የበግ ወርች መጣላቸው፤ ተሸክመው ያመጡትም አጎታቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ልጆች አሳድገው፣ ለብዙ ዓመታት አስተምረው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ለአዳዲስ ሙሽሮች የንጋላክ አሠራር ሲያሳዩ ኖረው፣ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ እጃቸው በወይዘሮ ያንዴ ልጅ እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ዛሬ አስከሬናቸውን የተሸከሙትን የጌይ ቤተሰብ በሙሉ ትተው ሄደዋል።

በመጪው ስቅለትም ሳህናቸው ከደጃቸው ይወጣል። እኛ በጸሎት፣ ዘመዶቻችንም በዱዓ እየሸኘናቸው ነውና፣ አምላክ ሳይጠግቧቸው ከተለዩዋቸው ከእናታቸው ጋር በአንድ ማዕድ ያስቀምጥልን።