የጋሽ ተስፉ ሳቅ

ዝንጅብሉንና ሎሚውን በሩ ሥር አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ጋሽ ተስፉ ሻርጃ አብረውን የሚኖሩ ሾፌር ናቸው፤ ኮሮና ይዟቸው ክፍላቸውን ከዘጉ ሰንብተዋል። የእረፍት ቀኔ ስለሆነ ከፋርማሲ ወደ ባቃላው፣ ወደ ሰፈሩ ሱቅ፣ ስባዝንላቸው ነው የዋልኩት። "የእኔን ተወው፣ አንተ በልተሃል?" አሉኝ ከውስጥ እያሳሉ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ትንፋሽ አጥሯቸውም የሚያስቡት ለእኛ ነው።

ቴሌቪዥኑን ወደ በሩ አስጠግቼ የሚወዱትን የዱሮ ጥቁርና ነጭ ቀልድ ከፈትኩላቸው። በየቀልዱ ሲስቁ ስሰማ መተንፈሳቸውን አውቃለሁ። አንዱ ላይ ግን ዝም አሉ። "ጋሼ፣ ጋሼ" እያልኩ በሩን ደበደብኩት።

"ዋላሂ ይሄኛው ያኔም አያስቅም ነበር" አሉኝ። "በሩን ተወውና ድምፁን ጨምር።"