በአንድ ሰው እጅ የነበረ ፕሮግራም

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር። በክሊኒካችን የኩላሊት እጥበት ክፍል በር ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘዋል፤ ያው ማሽን፣ ያው ሰዓት። አንደኛዋ እግራቸው ያበጠ አሮጊት ናቸው። ሌላው የታክሲ ሹፌር ነው። «እማማ ይግቡ፣ እኔ እጠብቃለሁ» ይላል፤ የሱ ፊት ግን ከሳቸው የባሰ ነበር።

ጥፋተኛው ተራ የሚያወጣው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የጋሼ ነው። ጋሼ የምላቸው ፕሮግራም የመጻፍን ሙያ ያስተማሩኝን ሰው ነው። እኔ የዚህን ሙያ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ከሳቸው ወንበር አጠገብ ተቀምጬ ነው። ያንን ፕሮግራም ብቻቸውን ጻፉት፣ ብቻቸውን ያርሙታል፤ ሌላውን ሁሉ ሲያስተምሩኝ እሱን ግን አያስነኩኝም። ከኮምፒውተሩ ፊት ስለማይነሱ ነርሶቹ «ዘበኛው» ይሏቸው ነበር።

የዚያን ዕለት መነጽራቸውን ቤት ረስተው ኖሮ ልጃቸው ልታደርስላቸው መጣች። እሷም ተምራ ፕሮግራመር ሆናለች። አባቷን በሥራ ላይ አይታቸው አታውቅም፤ ስክሪናቸው ላይ ያለው ፊደል የሱቅ ማስታወቂያ አክሎ ስታየው በሩ ላይ ቆም አለች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ያ ስህተት ተመለሰ» አሉ ጋሼ። «ባለፈው ሳምንት በእጄ አርሜው ነበር እኮ!»

«የቱ ላይ ነው ያረምከው አባዬ?»

ጎንበስ ብላ አየች። «የመጨረሻ» የሚል ፎልደር አለ። ከሥሩ «የመጨረሻ አዲሱ»፣ ቀጥሎ «እውነተኛው የመጨረሻ»፣ ከሁሉም በታች «ይሄ ነው አትንኩ»።

«ይሄማ የእንግዳ ስንብት ነው» አለች። «በቃ ልንሄድ ነው እያሉ በር ላይ አንድ ሰዓት መቆም።»

ጋሼ አልሳቁም። ያረሙት «እውነተኛው የመጨረሻ» ላይ ነበር፤ የሚሠራው ግን «ይሄ ነው አትንኩ» ነው። እርማቱን ወደዚያ አሻገሩት፤ ነርሷም ለሹፌሩ ሌላ ማሽን እስኪለቀቅ ወንበር ሰጠችው። እኔ ነገሩ እዚያ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ካልተቆጣህ አንድ ነገር ልበልህ?»

«ልትይ ነው የተቀመጥሽው። በይ።»

«ኮፒ በኮፒ ላይ መከመሩን ተወው። ጊት የሚባል ለውጥ መዝጋቢ አለ፣ እሱን እንጠቀም። እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው ይይዝልሃል። የምትሠራበት አንድ ይሆናል፤ ከተሳሳትክም ወደ ኋላ ትመለሳለህ።»

«አየሽ» አሉ ጋሼ ወደ ወንበራቸው መደገፊያ ዘንበል ብለው፣ «‹ያለዚህ ፕሮግራመር አይባልም› የተባለ መሣሪያ ስንቱን ቀብሬያለሁ መሰለሽ። ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ የለም። እናንተ ቋንቋን እንደ ሸሚዝ ትለዋውጣላችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«በዚህስ እውነትህን ነው። መሥሪያ ቤት የምጣላውም በዚሁ ነው። አንዱ በይነመረብ ላይ አዲስ ነገር ባየ ቁጥር የሚሠራውን እናፍርስ ይላል። እኔ ቋንቋህን ቀይር አላልኩህም። አሮጌ ነው፣ ግን ይሠራል፤ ይቀጥል።»

«ቀጥለሽ ደግሞ ክላውድ ላይ ስቀለው ልትዪኝ ነው። የሰው ቤት ውስጥ ዕቃ ማስቀመጥ።»

«አልልህም። የበሽተኛ መረጃ እዚሁ ይቆይ፣ በክሊኒኩ ሰርቨር ላይ። እኔን ያስጨነቀኝ የት ይቀመጥ የሚለው አይደለም። ካንተ ሌላ ማን ይከፍተዋል የሚለው ነው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እወዳለሁ። ልጅቷ አባቷ ትክክል በሆኑበት ቦታ ሁሉ እሺ እያለች ነው የሄደችው። ከተማረ ሰው እንዲህ ያለ ክርክር ብዙ አልሰማሁም፤ እኛ በአንድ ነገር ልናሸንፍ ስንፈልግ በሁሉም ካላሸነፍን እንቅልፍ አይወስደንም።

«ሰው ሁሉ ገብቶ ይነካካዋላ» አሉ ጋሼ።

«ማንኛውም ለውጥ ከመግባቱ በፊት ሌላ ሰው ያየዋል። አንተ የጻፍከውን እሱ ያያል፣ እሱ የጻፈውን አንተ ታያለህ» ብላ ወደ እኔ አመለከተች።

«ይሄ? ያስተማርኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«ካስተማርከውማ ምን ያስፈራሃል?»

ከግድግዳው ማዶ የማሽኖቹ ድምፅ ይሰማል። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እዚህ ቤት ወጣት ዲግሪውን ይዞ በመጣ ቁጥር ‹ሽማግሌውስ ጡረታ አይወጣም?› ይባላል። የማይነኩኝ ይሄን ነገር ከኔ ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። እሱን ከሰጠሁ ምን ይቀረኛል?»

«የዓይን ሐኪሙ ሞራው ይገፈፍ ያለህ መቼ ነው?»

«ምን አገናኘው?»

«ለምን አልሄድክም?»

«ማን ይተካኛል? ለጥቂት ቀን ስክሪን አትይ ብሎኛል።»

«እንግዲህ አስፈላጊ ሰውማ ፈቃድ ይወጣል አባዬ። አንተን ዓይንህ እስኪጠፋ የሚያስቀምጥህ ሥራ ምኑ ነው ያከበረህ? በኛ ሙያ የሚከበረው ብቻውን የሚያውቅ አይደለም። ‹ይሄን ከሱ ነው የተማርኩት› የሚባልለት ነው።»

«በአፍማ ትችያለሽ» አሉ። አልተቀበሉም።

በዚህ መሀል ሹፌሩ በሩን አንኳኩቶ ገባ። ወረቀቱን ለጋሼ ዘረጋ። «አባቴ፣ የሐሙሱስ ተራዬ ትክክል ነው? ካሁኑ ልወቀው ብዬ ነው። ሌላ ቀን እንዲህ ከሆነ አልችልም።»

ጋሼ ወረቀቱን ተቀበሉ። አራቁት፣ አቀረቡት፣ ልጃቸው ያመጣችውን መነጽር አደረጉ፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሹፌሩ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ይጠብቃል። ጋሼ ወረቀቱን ለኔ አቀበሉኝ፤ አነበብኩት፤ ትክክል ነበር። ሹፌሩ አመስግኖ ወጣ።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ።

«በል አንተ፣ ተቀመጥ» አሉኝ።

«የት ጋሼ?»

«እዚሁ ነዋ። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ። አንቺ ደግሞ ያንን ጊትሽን አምጪው። ግን ለምን እንዳደረግነው የሚጻፈውን እኔ ነኝ የምለው፤ እናንተ ‹ተስተካከለ› ብላችሁ ታልፋላችሁ።»

የመጀመሪያዋን እርማት ስናስገባ ያስጻፉኝ ቃል ይህ ነው፦ «አንድ ማሽን ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ። ቆሞ የሚጠብቅ በሽተኛ አለ።»

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ጥቅም ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። የተስተካከለ ስህተት ተመልሶ አልመጣም። ማታ የጻፍኩትን ጋሼ ጠዋት ያዩታል፤ የሳቸውን እኔ አያለሁ። አንዴ እኔም ከሳቸው ስህተት አገኘሁ፤ «ጎበዝ፣ ግን አትልመድ» አሉኝ። አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ፕሮግራሙን የተማረችው ለምን እንደተደረገ የተጻፈውን ከታች ወደ ላይ እያነበበች ነው። ሽማግሌውስ የሚልም ጠፋ፤ ሁሉም የሚጠይቃቸው ሰው ሆኑ። የአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ሥራ፣ ሰውየው ምን ቢበረታ፣ ለሚያገለግላቸው ሰዎች ስጋት ነው። ይህን ከጋሼ ነው የተማርኩት።

በሚቀጥለው ወር ዓይናቸውን ታከሙ። ሲመለሱ ፊደሉን አሳነሱት። «አሁንማ ስህተትህ ከበሩ ጀምሮ ይታየኛል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እስከ ጡረታቸው ሠሩ፤ ከዚያም በኋላ እየመጡ ከአጠገቤ ይቀመጡ ነበር።

ዘንድሮ በልብ ሕመም አረፉ። የቀብራቸው ዕለት እኔም ልጃቸውም አዲሷም ፕሮግራመር እዚያው ነበርን፤ ተራውን ለፕሮግራሙ ትተን ስልካችንን ዘግተናል። ማታ ስከፍተው ከክሊኒኩ የተደወለ አልነበረም።