ከሦስተኛው መጋዘን ሥር

ልትሸኙዋቸው የመጣችሁ ወዳጆችና ጎረቤቶች፣ ታናሽ ወንድማቸው ይህን የእህቱን የሕይወት ታሪክ አንብቦ እስኪጨርስ በትዕግሥት አድምጡት።

እህታችን ከመርከብ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወደቡ አጥር ጋር በተጣበቀች አንዲት ክፍል ውስጥ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ትምህርታቸውን አሥረኛ ክፍል እንዳደረሱ አባታቸው በመታመማቸው አቋርጠው፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከውሃው ዳር በነበረው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ በዚያም ሃያ ስድስት ዓመት ቀለም ሲመዝኑና ሲበጠብጡ፣ ጥፍራቸው በዕረፍት ቀን እንኳ ሰማያዊ እንደሆነ ኖሩ። የፋብሪካውን ቦይለር ይጠብቁ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተውም ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

ፋብሪካው ሊዘጋ ሰሞን፣ የተበላሸ ቀለምና አሲድ የያዙ በርሜሎች ከሦስተኛው መጋዘን ሥር ሲቀበሩ፣ እሳቸውም ታዘው አብረው አንከባለሉ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያ የዛገ ወደብ ፈርሶ ዘመናዊ ሰፈር እንደሚሆን ሲነገር፣ ከሁሉ ቀድመው ደስ ያላቸው እሳቸው ነበሩ፤ ንድፉ ወደተሰቀለበት አዳራሽ ሲገቡ ግን በሦስተኛው መጋዘን ቦታ ላይ የሕፃናት መጫወቻ ተስሎ ቢያዩ ክው አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ያላንኳኩት ቢሮ የለም። አንዴ "አስተያየትዎ ተመዝግቧል" ተባሉ፤ ሌላ ጊዜ ማይክሮፎኑ ሳይደርሳቸው ሰዓቱ አለቀ። የፋብሪካው ሰነድ ስለ ጉድጓድ አያወራም ሲሏቸው "ሰነዱ ባይኖር እኔ አለሁላችሁ" ቢሉም ሰሚ አጡ። ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ከሀ ሁ ይጀምራሉ። በመጨረሻ የቢሮው ሰዎች "እማማ ጉድጓድ" የሚል ስም አወጡላቸው፤ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ሲሉም በር መዝጋት ጀመሩ።

ይህን የሚያነበው ወንድማቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእነዚያ ሰዎች አልተሻለም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አንድ ቀን "እትዬ፣ ምናለ ቢተዉት፤ የሰው መሳቂያ ሆኑ እኮ" አላቸው። እሳቸውም "ያንከባለልኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ብትሆን ትተወው ነበር?" ብለው አንድ ወር ሙሉ አላነጋገሩትም።

ባለፈው ዓመት፣ የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል በተኙበት ሰሞን፣ ቁፋሮው ተጀመረ። የመቆፈሪያው ማሽን አንዱን በርሜል ሲቀድደው ሁለት ሠራተኞች ከሽታው የተነሣ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የግንባታው መሐንዲስ ካርታ ይዞ አልጋቸው ድረስ መጣ። አንዲት የወቀሳ ቃል ሳይወጣቸው የጉድጓዱን ዳርቻ በእርሳስ አሰመሩለትና "የወደቁት ልጆች ተነሡ ወይ?" ብለው ጠየቁት። ተነሥተው ነበር።

አፈሩ ተጭኖ ወጣ፤ መጫወቻውም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በቢሮው ሪፖርት ላይ ግን ጉድጓዱ "በባለሙያዎች ጥልቅ ጥናት ተደረሰበት" ተብሎ ተጻፈ። ወንድማቸው ይህን ሲያነብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አረፉ። ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና በርሜሎቹ እስኪወጡ ድረስ ያላመናቸውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረው በሚደመጡበት ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።