በጉድጓድ ውስጥ የተኛው አየር

ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ጎንደር ከተማ የጤና ትምህርት የምትማረው አበቡ ለዕረፍት ወደ ወገራ ስትመለስ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከማኪና እንደ ወረደች ዱላ የያዙ ሰዎች መንገዱን ሞልተውት አገኘች። ከፊት የሚሄዱት የአባቷ ጎረቤት አያ ቢያዝን ነበሩ።

«እንደምን ሰነበቱ አያ? ምነው፣ ወዴት ነው?»

«ልጄን ፋንታሁንን ቀበርሁት፣ አበቡ» አሉ። «ገብስ ሊያወጣ ከእህል ጉድጓዱ እንደ ወረደ ዝም አለ። ስናወጣው ትንፋሽም ቁስልም የለው። በዋዜማው ሸክላ ሠሪዋ ማስተዋል በዚያ አልፋ ነበር። ቡዳዋ በላችው። ዛሬ አገር ትለቃለች፤ እምቢ ካለች ቤቷ ይቃጠላል።»

አበቡ ከፋንታሁን ጋር አብራ ያደገች ናትና እንባዋ ፈሰሰ። ነገር ግን ከመንገዱ አልተነሣችም። ማስተዋል ቤተ እስራኤል ናት፤ የእጇ እንስራ የሌለበት ቤት በአካባቢው አይገኝም። የሰውን ሙያ እየፈለጉ ሰውየውን መፍራት፣ በዚያ ዘመን ስንቱን ንጹሕ አስለቅሷል!

«አያ፣ ወደ እሷ የሚሄዱት እኔን ረግጠው ነው።»

«ከተማ ገብተሽ ታላቅን መዳፈር ተማርሽ?»

«አዎን፣ ለሐሰት እምቢ ማለት ተማርሁ። ጉድጓዱን ያሳዩኝ። ካፈርሁ እኔንም ከእሷ ጋር ያባርሩኝ።»

ሰው አጉረመረመ። አያ ቢያዝን ግን «እሺ፣ እናያለን» አሉ፤ የሟች አባት ናቸውና ቃላቸውን ማንም አላለፈም፤ ወደ ጉድጓዱ ዞሩ። ከቀብሩ ወዲህ በፍርሃት እንደ ተከደነ ነበር። አበቡ ክዳኑን አስነሥታ ኩራዝ አበራች፣ በገመድም አወረደችው። ከግማሽ ሳይደርስ ጠፋ። ደግማ አበራችው፤ ዳግም ጠፋ።

«ይኸው! ጋኔኑ እፍ አለበት» አሉ አያ ቢያዝን።

አበቡ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከሚቀባበት ኖራ ጥቂት አስመጥታ በውሃ በጠበጠች። ኖራው ሲዘቅጥ ከላይ የጠራውን ውሃ በሳህን አድርጋ አወረደችው። ቆይታ ስታወጣው እንደ ወተት ነጥቶ ነበር። ከዚያ የቀረውን የጠራ ውሃ በብርጭቆ ቀድታ፣ ከገብስ አገዳ ጋር ለአያ ቢያዝን ሰጠቻቸው።

«በዚህ ወደ ውሃው ይተንፍሱ፤ እንዳይጠጡት ብቻ።»

አያ ቢያዝን ተነፈሱ። ውሃው ነጣ።

«ታዲያ አያ፣ እርስዎም ቡዳ ነዎት?»

ሰዉ ብርጭቆውን ለማየት ተጠጋ።

«እህል በዝግ ቦታ ሲቀመጥ ይተነፍሳል» አለች። «ትንፋሹ እንደ እኛው ትንፋሽ ነው፤ ከተራው አየር ይከብዳልና ከታች ይተኛል። መብራት ያጠፋል፤ ሰውንም ያፍናል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ይኮመጥጣል፤ ትምህርት ቤት አሲድ እንለዋለን። ኖራ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ቤዝ ይባላል። ሁለቱ ሲገናኙ ተዋሕደው ይህን ነጭ ዝቃጭ ይወልዳሉ።»

«አምናም ከዚሁ ወርዶ ነበር። ምነው ያኔ አልሞተ?» አሉ አያ ቢያዝን።

«የአምናው ገብስ ደረቅ ነበር?»

«የዘንድሮው ዝናብ ነክቶታል» አሉ ሽማግሌው።

«እርጥብ እህል አብዝቶ ይተነፍሳል። አየሩም መውጫ ካጣ ይከማቻል። ክዳኑ እንደ ተነሣ ነበር የወረደው?»

«እኔ ነኝ ‹ቶሎ ውረድ› ያልሁት።» አያ ቢያዝን ከአፈሩ ላይ ተቀመጡ። ለካስ ማስተዋልን መክሰስ የቀለላቸው፣ ይህችን ቃል ላለመናገር ኖሯል።

«አላወቁም ነበር፣ አያ» አለች አበቡ። «ካወቁ በኋላ ቤት ማቃጠል ግን ሌላ ነው።»

ዱላቸውን እዚያው ጥለው ወደ ማስተዋል ቤት ሄዱ። ማስተዋል ከደጇ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ባሏ ይባረክ ከጎኗ ነበር።

«ምረንሻል ልላት መጣሁ» አሉ አያ ቢያዝን ለይባረክ።

«ምሕረት ለበደለኛ ነው!» አለች ማስተዋል ራሷ። «እኔ ለልጅዎ አልቅሻለሁ እንጂ አልበደልሁም። ከዚህም አልለቅም። ይቅርታ የሚጠይቅ ካለ እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ይቅር በይኝ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ሰው እህሉን ሳያደርቅ አይከትም። ጉድጓዱን ከፍቶ ነፋስ እስኪገባበት ይተወዋል፤ ኩራዝ ሳያወርድም አይወርድም፤ የሚወርደውም በገመድ ታስሮ ነው። በጉድጓድ የሚሞት ጠፋ፤ በሐሰት የሚሰደድም እንዲሁ። በገበያ አንድ ሰው የቡዳ ወሬ ሲያነሣ፣ አያ ቢያዝን ከሕዝቡ መካከል ተነሥተው እንዲህ ይላሉ፦

«ልጄን የገደለው አየር ነው! አባቱ እኔ እያለሁ ማን ሌላ ይላል?»